ያለፈው ገምጋሚና ያላለፈው ማስተካከያ

ይድረስ፦ ምንጩ ለዓለም ሁሉ ክፍት የሆነውን የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ለሚጠብቀው፣ ለሚያስተዳድረውና ለሚባርከው የበላይ ኮሚቴ፤
ባላችሁበት።

ጉዳዩ፦ አራት መስመር የሚያነብ ሕያው ሰው ስለ መጠየቅ።

ክቡራንና ክቡራት የኮሚቴው አባላት፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበታችሁ እያልኩ፣ ለእያንዳንዳችሁ ሙሉ ጤና፣ ረጅም ዕድሜና የማይደክም ልብ እመኛለሁ። ይህን ምኞቴን እንደ ተራ የደብዳቤ ወግ እንዳትቆጥሩብኝ አደራ፤ ከመካከላችሁ የአንዳችሁ ልብ ድንገት ቢቆም፣ እኔ ላይ ከደረሰው እንደተረዳሁት፣ መሞታችሁን ድርጅታችሁ የሚያውቅበት መንገድ ገና አልተሠራለትም።

እኔ የሙያ ባልደረባችሁ አይደለሁም። ነርስ ነኝ፤ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት በሚሞቁበት ክፍል ውስጥ ስድስት አልጋዎች እጠብቃለሁ። ባለቤቴ ግን የእናንተ ሰው ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ከመሥሪያ ቤቱ መልስ፣ የምግብ ጠረጴዛችን ጥግ ላይ ተቀምጦ ከየአገሩ የሚላኩ ማስተካከያዎችን ያነብላችሁ ነበር፤ ስህተት ያለበትን በትሕትና ይመልሳል፣ ደህና የሆነውን ደግሞ ከሥሩ «ይለፍ» ብሎ ይጽፍበታል። ይህች «ይለፍ» የምትባል ቃል ካልተጻፈች አንዲት ነጥብ እንኳ ወደ ቋንቋችሁ እንደማትገባ፣ ከገባች በኋላም ያሳለፋት ሰው ስም ከመስመሩ ጎን ተለጥፎ እንደሚኖር ለእናንተ መንገር ድፍረት ይሆንብኛል። እናንተ ዘንድ ስሙ «አራሚው» ነበር፤ ይህን ቅጽል ስላወጣችሁለትም አመሰግናለሁ፤ ቤት ውስጥ ሲጠራበት ጆሮው ይቀላ ነበር።

አማቴ አብረውን ነው የሚኖሩት። ልጃቸው ማታ ማታ «ባግ»፣ ማለትም የፕሮግራም ስህተት፣ ሲያስተካክል እንደሚያመሽ ሰምተው፣ ባግ ማለት ቦርሳ መስሏቸው፣ ያን ሁሉ ተምሮ ቦርሳ ጠጋኝ ሆኖ ቀረ እያሉ ለጎረቤት ያዝኑ ነበር። አንድ ቅዳሜ ዚፑ የተበላሸ የራሳቸውን ቦርሳ አምጥተው ከኪቦርዱ አጠገብ አስቀመጡለትና «የሰው ሁሉ ስትሠራ የእናትህን ረሳህ» አሉት። እሱም ነገሩን ለማስረዳት አልሞከረም፤ መርፌና ክር ፈልጎ ሰፋላቸው። አማቴ ዛሬም ይይዙታል። የእናንተንም ባግ ሲያስተካክል የነበረው በዚያው ትዕግሥት ነው፣ ከአንድ ቀን በስተቀር። ደብዳቤዬም ስለዚያ አንድ ቀን ነው።

የዛሬ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ገደማ፣ እኔ ተረኛ በነበርኩበት ከሰዓት በኋላ፣ የሦስተኛው አልጋ ሙቀት ወረደ። ሙቀት ሲወርድ መጮህ የነበረበት መሣሪያ ግን ጭጭ አለ። የጽዳት ሠራተኛችን የአልጋውን ጠርዝ ስትጠርግ እጇን ሰብሰብ አድርጋ «ይቺ አልጋ ምነው ቀዘቀዘች?» ባትለኝ ኖሮ፣ ያቺ የአንድ ኪሎ ተኩል ልጅ ዛሬ በእግሯ አትሄድም ነበር። ማታ እራት ላይ ለባለቤቴ ነገርኩት። ሹካውን አስቀመጠና የመሣሪያው ፕሮግራም በምን ቋንቋ እንደተጻፈ ጠየቀኝ፤ በነጋታው የጥገና ባለሙያችንን ጠይቄ መልሱን አመጣሁለት። የእናንተው ቋንቋ ነበር።

ስድስት ቀን ፈለገው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ፕሮግራሙ «ይህን ያህል ደቂቃ ጠብቅና ሙቀቱን እይ» የሚል ትእዛዝ አለው፤ በመጠበቅ ላይ ሳለ ሰው የማሽኑን ሰዓት ወደ ኋላ ከመለሰው፣ ያ ትእዛዝ እንቅልፍ ይወስደውና እስከ ማግሥቱ አይነቃም። የእኛ ሰዓት በወር ሦስት ደቂቃ ስለሚቀድም ባለሙያው በየወሩ ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ በዚያን ቀንም እኩለ ቀን ላይ መልሶት ነበር። ስህተቱ ወደ ቋንቋችሁ የገባው ከአራት ዓመት በፊት፣ በአንዲት መስመር ነው። ከመስመሯ ጎን ያሳለፋት ሰው ስም ተጽፏል። የባለቤቴ ስም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ሰው አላውቀውም ብል አልዋሸሁም። በዘጠኝ ዓመት ያሳለፋቸውን ሁለት ሺህ ምናምን ማስተካከያዎች ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደገና ማንበብ ጀመረ። ስናወራ መሀል ላይ ያቋርጠኝና «ሌላስ? ሌላስ ምን አሳልፌ ይሆን?» ይለኛል፤ መልስ ከእኔ የሚጠብቅ ይመስል ዓይን ዓይኔን ያያል። ስህተቱን የሚያርሙ አራት መስመሮች ጽፎ ላከላችሁ። በላከ በዘጠነኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ እዚያው ወንበር ላይ ልቡ ቆመ። እነሆ አሥራ አራት ወር ሆነው፤ እሱ አለፈ፣ ማስተካከያው ግን አላለፈም። ስለዚህ ቅሬታዎቼን እንደ ሥርዓታችሁ በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ደንባችሁ ማንኛውም ማስተካከያ በየክፍሉ ገምጋሚ መታየት አለበት ይላል፤ ማንም ሰው የራሱን ሥራ ማሳለፍ አይችልም ይላል። ሁለቱም መልካም ደንቦች ናቸው። ሰዓትንና መጠበቅን የሚመለከተው ክፍል ግን የነበረው ገምጋሚ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ባለቤቴ ነበር። በዚህ ምክንያት የባለቤቴ ማስተካከያ አንድም ቀን ሳይጓደል ባለቤቴን ሲጠብቅ ኖሯል፤ ተነሥቶ ቢመጣ ደግሞ የራሱ ሥራ ስለሆነ መንካት አይፈቀድለትም። ሟች እንኳ ደንብ እንዳይጥስ አስቀድማችሁ ስላሰባችሁበት ምስጋናዬ ከልብ ነው።

፪ኛ. ማስታወሻ የሚልከው ሮቦታችሁ በየቀኑ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ይጠራዋል። ኮምፒውተሩ ጠረጴዛው ጥግ ላይ እንዳለ ነው፤ አንድ ጊዜ «ጢን» ይልና «ውድ ገምጋሚ፣ ምላሽዎን በጉጉት እየጠበቅን ነው» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ላጠፋው ስነሣ አማቴ እጄን ያዙኝ። «ቢሞት ኖሮ ይጠሩት ነበር?» አሉኝ። ቀብሩ ላይ ነበሩ እኮ፤ በገዛ እጃቸው አፈር ያለበሱት ልጃቸው ነው፤ ግን ስትጠሩት ይሰማሉ። አራት ሰዓት ሊሆን ሲል ከወንበሩ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፣ ድምፁ ሲሰማ «አቤት በላቸው እንጂ ልጄ» ይላሉ። መጀመሪያ እሳቸውን አሟቸው ነው ብዬ ነበር። አሁን ግን የዕረፍት ቀኔ ሲሆን እኔም ሥራዬን ትቼ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ድምፁ ከጠፋ በኋላ ያለችውን ትንሽ ጊዜ እፈራታለሁ፣ ወንበሩ የሚንቀሳቀስ ይመስለኛል። ሮቦታችሁ ሰውን በትሕትና በመጥራት ረገድ እንከን የለውም።

፫ኛ. መሞቱን ላሳውቃችሁ ሞክሬያለሁ። ከገምጋሚነት ስለ መሰናበት የሚል ቅጽ አግኝቼ ሞላሁ፤ «ምክንያት» በሚለው ቦታ ላይ «ስለ ሞተ» ብዬ ጻፍኩ። በሦስተኛው ቀን የመጣልኝ መልስ፣ ጥያቄው ተቀባይነት የሚያገኘው ተሰናባቹ ራሱ ከራሱ አካውንት ሲያረጋግጥ ብቻ መሆኑን በአክብሮት የሚገልጽ ነበር። የሞት የምስክር ወረቀቱን ፎቶ አንሥቼ ላክሁ። ፋይሉ ከተፈቀደው መጠን በልጧል ተባልኩ።

፬ኛ. በማስተካከያው ሥር አርባ አንድ አስተያየት ተጽፏል፤ አንድ ሳይቀር አንብቤዋለሁ። ሠላሳ አራቱ ባለቤቴ በመስመሮቹ ውስጥ ለአንድ ነገር የሰጠው ስም «ጠብቅ» መሆን አለበት ወይስ «ቆይ» የሚለውን ይከራከራሉ፤ ክርክሩ በጣም የበሰለ ነበር፣ ከሁለቱም ወገን የተቀያየሙ ሰዎች እንዳሉም አይቻለሁ። ሥራውን በትክክል ይሠራ እንደሆነ የሞከረ አንድም የለም። ከቀሩት ሰባት መካከል አንዱ ጸሐፊ «የክፍሉ ገምጋሚ ይህን ያህል ወር ዝም ማለቱ ንቀት ነው» ብሎ ጽፏል፤ ሌሎች አሥራ ሁለት ሰዎች ደግሞ አውራ ጣት ቀስረው ተስማምተውበታል። ባለቤቴ ሰው ንቆ አያውቅም። ይህን የጻፉት ሰው ደብዳቤዬን ካነበቡት፣ ዝምታው በራሱ ፈቃድ እንዳልሆነ እንዲረዱለት በትሕትና እለምናለሁ።

፭ኛ. ከአባሎቻችሁ አንዷ፣ ደግ ሰው ሳትሆን አትቀርም፣ «ጸሐፊው ከጠፋ ማንም ሰው ማስተካከያውን በራሱ ስም አድርጎ እንደገና መላክ ይችላል» የሚል ምክር ጣል አድርጋ ሄደች። እኔም አካውንት ከፍቼ፣ ከሥራ መልስ መጽሐፍ ገልጬ፣ እንደ ሕፃን ፊደል እየቆጠርኩ ስምንት ሳምንት ፈጀሁ። አራቱን መስመሮች በራሴ ስም ላክኋቸው። ሮቦታችሁ በደቂቃ ውስጥ አመስግኖ ተቀበለኝና ጉዳዩን ለሚመለከተው ገምጋሚ መራው። በማግሥቱ አራት ሰዓት ላይ ኮምፒውተሩ «ጢን» አለ። የእኔን ሥራ እንዲያይ የተጠራው ባለቤቴ ነበር።

ክቡራን ሆይ፣ እዚህ ላይ ቅሬታዬ አብቅቶ ኑዛዜዬ ይጀምራል።

ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ስለማያውቅ የባለቤቴ አካውንት እንደተከፈተ ነው። ባለፈው እሑድ አማቴ ጎረቤት ሄደው ሳለ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። አሁን ማስተካከያው የእኔ ነው፣ ገምጋሚው እሱ ነው፤ ደንባችሁ በአንዲት ነጥብ እንኳ አይጣስም። መልስ በሚጻፍበት ሳጥን ውስጥ «ይለፍ» ብዬ ጻፍኩ። መላኪያውን ለመጫን አንድ ጣት ነበር የቀረኝ። ያኔ ነው እሱ ከአራቱ መስመሮች በላይ ለሚገመግመው ሰው ትቶት የነበረው ማስታወሻ ዓይኔ ላይ የወደቀው። እኔም ከመስመሮቹ ጋር ገልብጬ የላክሁት ነው፤ ስገለብጠው ፊደሉን እንጂ ቃሉን አላየሁትም ነበር። እንዲህ ይላል፦

«ያቺን መስመር መጀመሪያ ያሳለፍኳት እኔ ነኝ። ቸኩዬ ነበር፤ የላካትን ሰው ስለማውቀው ሳላነብ ይለፍ አልኩ። አሁንም እኔን ስለምታውቁኝ ብላችሁ ይህን እንዳታሳልፉት። አደራ፣ ጠንከር ብላችሁ እዩልኝ።»

አልጫንኩትም። እኔ የምሠራው ሕፃን መርፌ መውጋት ነው፣ ፋሻ መጠቅለል ነው፤ እነዚያ አራት መስመሮች ልክ ይሁኑ አይሁኑ አላውቅም። እሱም አላወቀም ነበር፤ የፈራውም ይህንኑ ነው። ያኔ የሚያውቀውን ሰው አምኖ ሳያነብ አሳለፈ፤ እኔ ደግሞ የማፈቅረውን ሰው አምኜ ሳላነብ ላሳልፍ ነበር። ከወንበሩ ተነሣሁ። ቃሏ እስካሁን ሳጥኑ ውስጥ አለች፤ አልላክኋትም፣ አላጠፋኋትም።

የጥገና ባለሙያችን ኮሚቴው ያላሳለፈውን ነገር ሕፃናት ላይ አልጭንም ይላል፤ እውነቱን ነው። ሰዓቱን አትመልሱት እንዳልል፣ የሕፃናቱ መድኃኒት የሚሰጠው በዚያው ሰዓት ነው። አጥፍታችሁ አብሩት የሚለኝም ሰው አይጠፋም፤ ስድስቱም አልጋዎች በአንድ ፕሮግራም የሚሠሩ ናቸው፣ ስድስቱም ባዶ የሆኑበት ቀን እኔ አላየሁም። ስለዚህ ሰዓቱ በተመለሰ ቁጥር እኔ በየሩብ ሰዓቱ ከአልጋ አልጋ እየዞርኩ እጄን አስገባለሁ። ባልደረቦቼ ከባሏ ሞት ወዲህ ልክ አይደለችም ይላሉ፤ ሲነገራቸው ይዞራሉ፣ ሥራ ሲበዛ ይረሳሉ። እኔ በሌለሁበት ቀን አንዲት አልጋ ብትቀዘቅዝ፣ ከመስመሩ ጎን ተጽፎ የሚገኘው የማን ስም እንደሆነ አሁን ታውቃላችሁ። ይህን ስም በዚያ መስመር ላይ ትቼ መሞት አልፈልግም።

የምለምነው ጥቂት ነው። ሐውልት አይደለም፣ የኅሊና ጸሎት አይደለም። ከእናንተ አንዱ፣ ልቡ የሚመታ ማንኛውም ሰው፣ አራቱን መስመሮች ጠንከር ብሎ ያንብብልን። ስህተት ካለባቸው ይንገረን፤ ልክ ከሆኑ በገዛ ስሙ ይለፍ ይበል።

ውድ ጊዜያችሁን ስለ ተሻማሁ ይቅርታችሁን እየጠየቅሁ፣ «ጠብቅ» ወይስ «ቆይ» የሚለው ጉዳይም በቅርቡ እልባት እንዲያገኝ እየተመኘሁ፣ ለድርጅታችሁ ዘላለማዊ ዕድሜ፣ ለሮቦታችሁም ብርታት እየለመንኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

በታላቅ አክብሮት፣
የሰዓትና የመጠበቅ ክፍል ገምጋሚ ሚስት፣ የስድስት አልጋዎች ነርስ

ማስታወሻ፦ ሰዓቱ ቀጥሎ ወደ ኋላ የሚመለሰው የፊታችን ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ አንድ ሕያው ሰው ካልተገኘ፣ ረቡዕ ጠዋት ስትጠሩት ባለቤቴ ይመልስላችኋል። ሳያነብ ነው የሚያሳልፈው። ከዚህ ቀደምም አንዴ አድርጎታል፤ ያኔም ማናችሁም አልጠየቃችሁትም።