መርፌም ተመላላሽ ናት

ይድረስ ለውድ እህቴ ለእታለሜ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንዴት ነሽ? ጤናሽስ? ያ ብርድ ሲመጣ የሚነሣብሽ ሳል ዘንድሮ ማረሽ ወይስ እንደ ልማዱ ቀጠሮውን አክብሮ መጣ? ባለቤትሽ ጋሼስ ደህና ነው? ሚጡዬ ጥርሷ ወለቀ ብለሽኝ ነበር፤ አዲሱ በቀለላት ወይ? እኔ እንዳለሁ አለሁ፤ ናፍቆታችሁ ብቻ ነው ጤና የነሣኝ። ስለ እማዬ ቀስ ብዬ እነግርሻለሁ፤ ወረቀቱም ለእሷ ጉዳይ ነው።

በስልክ መጨረስ እየቻልኩ ለምን እንደምጽፍ ልንገርሽ። በስልክ አንቺ ትቀድሚኛለሽ። እኔ አንድ ስል አንቺ ሦስት ትያለሽ፣ ከዚያ ታለቅሻለሽ፣ ከዚያ ሁለታችንም እናለቅስና ስልኩ ይዘጋል። ቤታችንም እንደምታውቂው ሁለት ክፍል ናት፤ እዚህ ያስነጠሰ ከወዲያ «ይማርህ» ይባላል። የአባዬ ጓደኛ ሾፌሩ ዛሬ አመሻሽ ላይ ወደ እናንተ ስለሚነሣ ደብዳቤውን በእጁ እሰጠዋለሁ። እማዬ ከሕክምናዋ ገና አልተመለሰችም። የምጽፈው በልብስ ስፌት መኪናዋ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ጽሑፌ ቢንጋደድብሽ በየመስመሩ እየተነሣሁ በመስኮት ስለማይ ነው።

ማክሰኞ ዕለት ደውዬ የነገርኩሽ እውነት ነው። ስንት ጊዜ ሳትጠጣ ከርማ ጠጥታ መጣች። ከአውቶቡስ መውረጃው አጠገብ ያለውን ባለ ሰማያዊ በር መጠጥ ቤት ታስታውሺዋለሽ፤ እዚያ ገብታ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደረጃው ላይ ተቀምጣ፣ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ አገኘኋት። «ልጄ፣ ወደቅኩ» አለችኝ። እኔ ሞኙ ጉልበቷን ማገላበጥ ጀመርኩ። «እሱን አይደለም» አለችኝ፤ ያኔ ሽታው ደረሰኝ። አንቺም የዚያኑ ዕለት፣ ተኝታ የምትታከምበት፣ በሩ የሚቆለፍ ቦታ አግኝቻለሁ፣ አልጋ አስይዣለሁ፣ እስከ እሑድ ቁርጡን ንገረኝ አልሽ። እስከዚያው ትምህርት ቤት ስትሄድ ቆልፈህባት ሂድ አልሽኝ።

እታለሜ፣ አልዋሽሽም፤ ረቡዕ ጠዋት ቁልፉን ከምስማሩ ላይ አንሥቼ ነበር። ዞር ስል እማዬ ለባብሳ፣ ቦርሳዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ቁልፉን አየችና «ልትቆልፍ ነው? ቆልፍ፤ መጀመሪያ ግን እኔ ልውጣ» አለችኝ። መውደቋን ለሚያክሟት ሰዎች ራሷ ልትነግራቸው እየሄደች ነበር። የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ትቼ አብሬያት ሄድኩ።

የምትታከምበት ቦታ እኔም እንደፈራሁት አይደለም። ከጫማ መሸጫ በላይ ያለ ፎቅ ነው። ሲገቡ ነርሷ ትንፋሽ በቱቦ ታስነፋለች፣ ክኒኑን ፊቷ ታስውጣለች። አባዬ ሲሞት ለእንቅልፍ ብላ የጀመረችውን ክኒን ሐኪሙ ቀስ በቀስ እየቀነሰላት ነው፤ በአንድ ጊዜ ማቆም ራሱ አደጋ አለው ብሏል። ከዚያ ሁሉም ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። ለመጠጣቱ ምክንያት ስለማያጣ «ጠበቃው» የሚሉት አንድ ሰውዬ አለ። እማዬ ስትናገር ማንም አልሳቀባት፣ ማንም አልተቆጣት። ጠበቃው ብቻ «እኔ ያንን ሰማያዊ በር እከሰዋለሁ! ሰው መንገድ ዳር ቆሞ ይጠራል እንዴ?» ብሎ እሷንም አሳቃት።

ከዚያ ውይይቱን የምትመራው አማካሪ ወደ እኔ ዞረችና «አንተስ እንዴት ነህ?» አለችኝ። «ደህና ናት» አልኳት። «አንተን ነው የጠየቅኩህ» አለችኝ። ከአባዬ ቀብር ወዲህ ያገኘኝ ሁሉ እናትህ እንዴት ናት ነው የሚለኝ፤ አፌ ለምዶት ቀረ።

ስንወጣ እኔ ወደኋላ ቀረት ብዬ ስለያዝሽው አልጋ አማካሪዋን ጠየቅኳት። አልጋ የሚያስፈልገው ሰው አለ፣ ነውርም አይደለም፤ ግን ለእናትህ ለራሷ ነግራችኋታል ወይ አለችኝ። አልነገርናትም እኮ፣ እታለሜ። አንቺ ለእኔ ነገርሽኝ፣ እኔ በልቤ ይዤ ዞርኩ። ስለ እሷ ስንመክር እሷ አልነበረችበትም።

ትላንት ማታ ነገርኳት። ይህን ከመጻፌ በፊት ግን የባለሱቋን ጉድ ልንገርሽ፣ ያለዚያ መልሷ አይገባሽም። ባለሱቋ ባለፈው ሳምንት፣ እናትህ በየጠዋቱ ቦርሳ አንጠልጥላ የት ነው የምትሄደው ብትለኝ፣ ካርዷ ላይ «ተመላላሽ ታካሚ» የሚለውን አይቼ ስለነበር «ተመላላሽ ሆናለች» አልኳት። እሷ ለካ ሰው ቤት ተመላላሽ ሠራተኛ ሆና የተቀጠረች መስሏታል! «ውይ በሞትኩት! እንዲህ ያለች ልብስ ሰፊ፣ ባሏ በሞተ በዓመቷ!» ብላ ደረቷን መታች። በማግስቱ የተሻለ ቤት አፈላልጋላት መጣች፤ ልብስ ማጠብ የለበትም፣ እሑድ ዕረፍት ነው፣ እመቤቲቱም አፏ እንጂ ሆዷ ክፉ አይደለም አለቻት። እማዬ አመስግና ሸኝታት በሩን እንደዘጋች ሳቀች። ሳቋን ረስቼው ኖሮ ከጓዳ ስሰማው እንግዳ የመጣ መስሎኝ ነበር።

ትላንት ማታ እንግዲህ ስፌት መኪናው ላይ ተቀምጣ፣ እኔ መርፌው ላይ ክር እያስገባሁላት፣ ስለ አልጋው ነገርኳት። ይከፋታል ብዬ ነበር። መርፌውን በብርሃኑ ካየችው በኋላ «መርፌስ ተመላላሽ አይደለች? ገብታ ብትቀር ምን ትሰፋለች?» አለችኝ። ቀጥላም፣ ክሩ ከተበጠሰብኝ አልጋውን እኔው በአፌ እጠይቃለሁ፤ ልጄ ግን በእኔ ላይ ሳይሆን ከእኔ ጋር ትምከር በላት አለችኝ። ቃል በቃል ጽፌልሻለሁ።

አሁን የምትመለስበት ሰዓት አልፏል። ከስፌት መኪናው ሥር የአባዬ ሱሪ እንዳለ ነው፤ ልታሳጥርለት የሰካችው ስፒል እንኳ አልተነቀለም። እንዳልነካው እግሬን አጥፌ ተቀምጫለሁ። የሒሳብ ደብተሬን ገልጬ ዘጋሁ። ውሃ ጥጄ ረስቼው ተንኖ አለቀ። ሁለት አውቶቡስ ሰው አራግፎ ሄደ፣ እሷ የለችበትም። ሾፌሩ ታች መጥቶ ጡሩምባ እየነፋ ነው። ቆይ በዪው እንዳልልሽ ሩቅ ነሽ።

አንድ የማፍርበት ነገር አለኝ። እማዬ ስትገባ ሁልጊዜ ተሽቀዳድሜ ጉንጯን እስማታለሁ፤ የምስማት ግን ትንፋሿን ላሽትት ነው። እሷም ታውቃለች። አንድ ቀን «ሳመኝ እንጂ አታሽትተኝ» ብላኛለች። ሾፌሩ ደገመ። እኔ ምን ብዬ

መጣች፣ እታለሜ። ከሰማያዊው በር በፊት ባለው ፌርማታ ወርዳ፣ በጓሮ መንገድ ዞራ፣ በእግሯ ነው የመጣችው፤ ጫማዋ ጭቃ ብቻ ነው። «ዛሬ ዞሬ መጣሁ» አለችና ጉንጯን ዘንበል አደረገችልኝ፣ «በል እንደለመድከው» ብላ። ሳምኳት። አላሸተትኳትም። ነገ ምን እንደምታመጣ አላውቅም፤ ዛሬ ግን ተመልሳለች።

ስለዚህ ቁርጡን ከእኔ አትጠብቂ። ለእሷ ደውዪላት፤ ከአልጋው በፊትም እንዴት ነሽ በያት። እኔንም እንዴት ነህ ብትይኝ እንግዲህ «ደህና ናት» አልልሽም፤ አባዬ በጣም ናፍቆኛል እልሻለሁ።

እማዬ እርጥብ እግሯን እያደረቀች፣ ሳልሽን ጠብቂ፣ አንገትሽን ሸፍኚ ትልሻለች። ለጋሼ የአክብሮት ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ሚጡዬን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ከረሜላ ሰርቃ በልታ ሊሆን ይችላል፣ ግን አታሽትቻት።

የሚወድሽ ታናሽ ወንድምሽ

ከእማዬ መስፊያ መኪና ጠረጴዛ ላይ፣ ሐሙስ አመሻሽ፣ ኅዳር 11 ቀን