ሁለት ሰው የሚሸከመው ቴሌስኮፕ

ለወንድሜ ለሆሴዕ፤

እንዴት ነህ? እንዴት ሰነበትክ? ጤናህስ? ኳስ ስትጫወት የተመታው ጉልበትህ ተሻለው ወይስ አሁንም ታነክሳለህ? እንቅልፍስ ይወስድሃል? በዚያ በኩል ብርዱ እንዴት ነው? እዚህ ሆሳዕና የኅዳር ብርድ ገብቷል፤ ማታ ማታ ሰማዩ ጥርት ይላል። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ የምልህ ለወጉ አይደለም፤ የሚያመኝ ነገር የለም። እማዬን ያስጨነቃትም ይኸው ነው።

ለሞተ ሰው ደብዳቤ እንደማይጻፍ አውቃለሁ። ግን ለአጎታችን ለወንዳፈረው መልስ መስጠት ነበረብኝ፤ መልሱ ደግሞ የሁለታችን ነበር። ስለዚህ ከአንተ ሌላ የምጽፍለት ሰው አላገኘሁም።

ክርክራችንን ብታውቀውም ከመጀመሪያው ልጻፈው፤ ስጽፈው ይጠራልኝ ይሆናል። ክረምት ላይ አጎቴ «ሁለታችሁም ጥሩ ውጤት አምጥታችኋል፤ ከአዲስ አበባ አንድ ነገር አመጣላችኋለሁ። አንድ ነገር ብቻ! ተስማምታችሁ ንገሩኝ» አለን። ኮከብ ማያ ይሁን ለማለት አፍታ አልፈጀብንም። ከዚያ በኋላ ግን አንተ ቴሌስኮፕ አልክ፣ እኔ ባይኖኩላር አልኩ።

የእኔ ሐሳብ ቀላል ነበር። እኛ ቅዳሜ ሞርሲቶ ወደ ወላጆቻችን ቤት፣ እሁድ ማታ ሆሳዕና ወደ ኪራይ ክፍላችን የምንመላለስ ልጆች ነን። የከተማው መብራት ሰማዩን ስለሚያደበዝዘው ኮከብ በደንብ የሚታየው እቤት ነው፤ ስለዚህ ዕቃው ከደብተርና ከስንቅ ጋር ቦርሳ ውስጥ መግባት አለበት። ባይኖኩላር አንገት ላይ ይንጠለጠላል፣ ማቆሚያ አይፈልግም። ስምንት በአርባ ሁለት የሚባለው ስምንት እጥፍ ያቀርባል፤ የፊት መስታወቱም አርባ ሁለት ሚሊ ሜትር ስለሆነ በቂ ብርሃን ይሰበስባል። ብዙ የሚያቀርበውን ከያዝክ እጅህ ሲንቀጠቀጥ ኮከቡም አብሮ ይንቀጠቀጣል። አንተ ግን «በባይኖኩላር የሳተርን ቀለበት ይታያል? አይታይም። በቃ!» ብለህ ትዘጋኛለህ። ዘንድሮ ቀለበቱ በጎኑ ስለዞረብን በቴሌስኮፕም ቢሆን እንደ ክር ቀጭን ነው፤ እስኪከፈት ዓመታት ይፈጃል የሚለውን ሳነብልህ «እንጠብቃለና! የት እንሄዳለን?» አልከኝ።

ለመሸከም እንደማያስቸግር ልታሳየኝ ያን የውሃ ቱቦ በቴሌስኮፑ ልክ ቆርጠህ፣ እንዲከብድ አሸዋ ሞልተህ፣ ጫፍና ጫፉን በጨርቅ ጠቅጥቀህ በየሳምንቱ ይዘኸው ትሳፈር ጀመር። መናኸሪያ ላይ ረዳቱ «ሰውዬ፣ መድፍ ነው እንዴ? እኛ መድፍ አንጭንም!» ሲልህ፣ «ለባለ መድፉ ቦታ ልቀቁ!» ብለህ ሚኒባሱን ሙሉ አሳቅክ። እኔ በማቆሚያው ፈንታ የታሰሩትን ሦስት እንጨቶች ተሸክሜ ስለነበር አልሳቅኩም። በመጨረሻ የተስማማነውም እንደዚያው ነው፦ ቴሌስኮፕ ይሁን፤ ቱቦውን አንተ፣ ማቆሚያውን እኔ። እሁድ ከቤት ሆነን ለአጎቴ ልንደውልለት ተባባልን።

አልደወልንም። ቅዳሜ አንተ የማጠናከሪያ ትምህርት ስለነበረህ ቀረህ፤ እኔ ቱቦውንም እንጨቱንም ይዤ በሚኒባስ ቀደምኩ። ከሰዓት በኋላ አንተ የተሳፈርክበት ሞተር መንገድ ላይ ተገለበጠ። ከዚህ በላይ አልጽፍልህም፤ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ።

ለቅሶው ላይ ብዙ ሰው መጣ። ድንኳኑ ሲተከል አንድ ቋሚ ጎደለና አንድ ጎረቤት ግድግዳው ሥር ቱቦህን አየ። አሸዋውን አራግፎ ጥጉ ላይ አቆመው። ምን እንደሆነ አላወቀም። መዘምራኑ ሲዘምሩ፣ ወንጌላዊው ሲጸልይ፣ እኔ የማየው ቱቦው እንዳይጎብጥ ነበር። አልጎበጠም። ሴቶቹ «ምነው ይሄ ልጅ! አልቅስ እንጂ፣ ይውጣልህ!» ይሉኛል። አባባ «ተዉት» ይላል። ጥርስህን ለመንቀል መርፌ ሲወጉህ ጉንጭህን ብትነካው የሌላ ሰው ጉንጭ ይመስልሃል አይደል? እኔ ሙሉ ሰውነቴ እንደዚያ ነው።

አጎቴ ወደ አዲስ አበባ ሊመለስ ሲል ወደ ጓሮ ወስዶኝ «የምትፈልገውን ደውለህ ንገረኝ፤ ስመጣ ይዤልህ እመጣለሁ» አለኝ። ምን ተስማማችሁ ብሎ ቢጠይቀኝ መልስ ነበረኝ። እሱ ግን የጠየቀኝ የምትፈልገውን ብሎ ነው።

ቴሌስኮፕ ካልኩ ቃላችንን ጠበቅኩ ማለት ነው። ግን ማቆሚያውን ይዤ ስሄድ ቱቦውን ማን ይይዝልኛል? ስንቁንስ? ገዝቼው እቤት ጥግ ላይ ቆሞ አቧራ ሲጠጣ ላየው ነው? ባይኖኩላር ካልኩ ደግሞ ቆፍጠን ብለህ የምትመልስልኝ አንተ ስለሌለህ ብቻ ክርክሩን አሸነፍኩ ማለት ነው። እንደዚያ ማሸነፍ አልፈልግም። አንድ ጊዜ «በቃ!» ብትለኝ እንዴት በቀለለኝ።

እማዬ ሰላም ብላሃለች ብዬ መጻፍ አልችልም፤ እንደምጽፍልህ አታውቅም። አባባ ማታ በሩን ከዘጋ በኋላ ተነሥቶ እንደገና ይከፍተዋል። ትንሿ እህታችን ማራኪ፣ ሸራ ጫማህን ካላደረግኩ ብላ አስቸገረች፤ እግሯ ገና ትንሽ ቢሆንም አንተ ብትኖር እንደማትከለክላት ስለማውቅ ሰጠኋት። ቤት ለቤት እየጎተተችው ትዞራለች። አምና ያረፈችውን አያታችንን ካገኘሃት በእኔ ስም ጉንጯን ሳምልኝ።

ትናንት ማታ ወደ ሆሳዕና ተመለስኩ፤ ዛሬ ብቻዬን የነቃሁበት የመጀመሪያው ጠዋት ነው። ፍራሹ ባዶ ሆኖ ሳለ እኔ እንደ ልማዴ ግድግዳው ላይ ተለጥፌ ነበር። ተነሥቼ ፊቴን ታጠብኩ። እማዬ የሁለት ሰው ስንቅ ቋጥራለች፤ ከቆጮው ትንሽ በልቼ ግማሹን ለአከራያችን ለእትዬ ትርፊት ሰጠኋት። ስወጣ ገና በደንብ አልነጋም፤ በምሥራቅ በኩል ቀጭን ጨረቃ ነበረች። ቆሜ አላየኋትም።

ከአንተ ጋር ስንሄድ የምንደርሰው የትምህርት ቤቱ በር ሊዘጋ ሲል ነበር። ዛሬ ገና አልተከፈተም። ዘበኛው ጋሽ ዳኘ በአጥሩ ቀዳዳ አየኝና «ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች! ያኛው እንቅልፋምስ?» አለኝ። አልሰማም ማለት ነው። «ዛሬ አይመጣም» አልኩት።

ከአጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ለአጎቴ ደወልኩለት። ባይኖኩላር ይሁን፣ ስምንት በአርባ ሁለት አልኩት። «ሆሴዕ ቴሌስኮፕ ይል አልነበር እንዴ?» አለኝ። «አዎ ጋሼ፤ ተስማምተንም ነበር። ቴሌስኮፑን ግን ሁለት ሰው ነው የሚሸከመው፤ እኔ አንድ ነኝ» አልኩት። «እሺ የኔ ጌታ» አለኝ። ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ ተነሥቼ ወደ በሩ ተመለስኩና ወንድሜ መሞቱን ለጋሽ ዳኘ ነገርኩት።

ወንድምህ አዶናይ
ሆሳዕና፣ ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.