የትኛውን ዘር እንዝራ?

የልጄ አባት፣ ደምስዬ፣

ሰብልህን ሳትሰበስብ በኅዳር ከተለየኸኝ ይኸው ሦስተኛው ክረምት ገባ። አንተ ዕረፍትህን አግኝተሃል፤ እኛ ግን እዚህ ሰማዩን እየፈራን ነው።

በሄድክ በመጀመሪያው ክረምት ልጃችን ካሳሁን ምርጥ ዘር የሚሉትን አጭሩን ስንዴ ዘርቶ ጎተራው ሞላ። "አባዬ ይህን ባየ!" እያለ እንዴት ደስ እንዳለው! አምና ግን ያንተ ስንዴ፣ ያ ረጅሙ የአገሩ ዘር፣ ከማሳችን እንዲጠፋ አልወደድኩምና መሬቱን ለሁለት ከፍለን ሁለቱንም ዘራን። ዝናቡ ዘግይቶ መጣ፤ ከመጣ በኋላ ደግሞ አልቆም አለ። ምርጡን ዘር ዋግ መታው። በመካከሉ ሳልፍ ቀሚሴ እርድ የፈሰሰበት መስሎ ወጣ። ያንተው ግን ምንም ሳይነካው ቆመ፤ እሱን ተስፋ አድርገን ከረምን። ቶሎ እንደማይደርስ ታውቃለህ። ፍሬው ገና ወተት ሳለ ውርጭ ወረደበት። ጠዋት ስንሄድ ማሳው ነጭ ሆኗል። ካሳሁን አንዱን ዛላ በጣቱ ጨመቀና "እማዬ፣ ባዶ ነው" አለኝ። በቀብርህ ቀን እኔን ለማጽናናት ብሎ ዕንባውን የዋጠው ልጅ፣ እዚያው ማሳው መሀል ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

ዘንድሮ ሰኔ ላይ "የትኛውን እንዝራ?" ብሎ ጠየቀኝ። አንተ ብትኖር አፈሩን በእጅህ ፈርፍረህ፣ ከገደሉ ማዶ ያለውን ደመና አይተህ ትነግረን ነበር። "ከሰማይ ጋር ተማክረህ መጣህ?" እያልኩ ስስቅብህ ትዝ ይልሃል? አሁን ሽማግሌዎቹም የሚሉት "እንጃ" ነው። የተረፈንን ሁለቱንም ዘር ቀላቅለን ዘራነው። ሌላ ዘር የለንም።

በቀለልን። አሁን ሐምሌ ተጋምሷል፤ ፀሐዩ ግን የጥር ነው። የቡቃያው ጫፍ መቅላት ጀምሯል። ሞላሌ ገበያ ሰው ሁሉ በጉን እየነዳ ወጥቷል፤ የሚገዛ የለም። ካሳሁን ደብረ ብርሃን የቀን ሥራ ይገኝ እንደሆን ጎረቤት ሲጠይቅ ሰምቼዋለሁ። እንዳልሰማ ሆኛለሁ።

ደምስዬ፣ ሙት ዓመትህ ሲደርስ የምጋግረው ዳቦ ከየት እንደሚመጣ አላውቅም። ንፍሮም ቢሆን ይዤ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፤ በሕይወት እያለሁ ስምህ ሳይጠራ አይውልም። ካሳሁን ከጎኔ ባይኖርም ብቻዬን እሄዳለሁ።

ይህን ስጽፍልህ ደጅ ነፋሱ አቧራ እያነሣ ነው። አቧራ፣ በሐምሌ።

ያንተው አስካለ