ሦስት እሑድ የነቀልኩት ሶኬት

ውድ ታናሽ እህቴ ሚጡ፣

ይህን ስጀምርልሽ ኮምፒውተሩ አሥራ ስምንት በመቶ ላይ ነው። የልብስ ስፌቱን ወንበር ሳሎን ድረስ ጎትቼ፣ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ አስደግፌ፣ አንድ ዓይኔን ወረቀቱ ላይ አንዱን ስክሪኑ ላይ ተክያለሁ። እሑድ ነው፣ ሰባት ሰዓት ተኩል። አሥር ሰዓት ላይ ትደውያለሽ። እስከዚያ ይኼ ነገር ካልተስተካከለ እማዬ ሦስተኛ እሑዷን ፊትሽን ሳታይ ልታሳልፍ ነው። የሚሳካ ይመስለኛል፤ ደስታው አላስቀምጥ ብሎኛል። እጄ ሥራ ካልያዘ ደግሞ የኮምፒውተሩን ሳጥን መነካካቴ አይቀርም፤ ስለዚህ ልጻፍልሽ።

በስልክ አትነግሪኝም ወይ ትይኝ ይሆናል። በስልክማ «እታለም፣ ደህና ነሽ? እማዬ የት አለች?» ትያለሽ። ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ! «ደህና ነኝ» የምልበት ቦታ እንኳ አትተዪልኝም። ወረቀት ላይ ግን ማንም አያቋርጠኝም። ዛሬ እስክጨርስ ትሰሚኛለሽ።

ኮምፒውተሩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። «ምን ሆኖ ነው?» ስትይኝ «እኔ እንጃ፣ ዕድሜው ነው መሰለኝ» ያልኩሽ ውሸቴን ነው።

የቤታችንን ሕግ ታውቂያለሽ። ልጆች ሳለን የጎረቤታችን ሳሎን በካውያ ከተቃጠለ ወዲህ፣ ከክፍል የሚወጣ ሰው ሶኬት ሳይነቅል አይወጣም። ባለቤቴን ጋሼን እንኳ አስለምደነዋል። አንቺ ስትሄጂ ግን ለኮምፒውተሩ ብቻ ሕጉን አሻሻልሽ፤ «አታጥፉ የሚል ጽሑፍ ካያችሁ አትንኩት፣ ራሱ ጨርሶ ይጠፋል» አልሽን። ለእኔማ ለብቻዬ ደገምሽልኝ። ስለዚህ አላወቅኩም ማለት አልችልም።

አሁን ደግሞ ምክንያቱን ልንገርሽ፤ ስቀሽ እንዳታቋርጪኝ።

ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ገላዋን የማጥበው፣ ኪኒኗን የምሰጣት፣ የዓይን ጠብታውን የማደርግላት እኔ ነኝ። ለእኔ የምትለብሰው ያንን ክርኑ የተቀደደ ሹራብ ነው። ልስፋልሽ ስላት «ተይው፣ ማን ያየኛል» ትላለች። ማን ያየኛል! ልብስ ሰፊ ልጇ ፊት ለፊቷ ቆማ! እሑድ ስምንት ሰዓት ሲሆን ግን «ሰማያዊውን ቀሚሴን አምጪልኝ፣ ፀጉሬን ወደዚህ መልሺልኝ፣ ሽቶ እርጪብኝ» ይጀመራል። «እማዬ፣ ሽቶ በስክሪን አይሸትም እኮ» ብላት «አንቺ ምን ታውቂያለሽ፣ እርጪብኝ» አለችኝ። ከዚያ አንቺ ብቅ ትያለሽ፣ እሷ ትስቃለች። ለእኔ የምትስቀው ሳቅ አለ፤ አጭር ነው፣ በአፍንጫዋ ነው የሚወጣው። ላንቺ የምትስቀው ከሆዷ ነው። እኔ ኩሽና ገብቼ የታጠበ ብርጭቆ ደግሜ አጥባለሁ። ሳቋን ላለመስማት ቧንቧውን እከፍታለሁ፤ ምን እንዳለችሽ ለመስማት ደግሞ መልሼ እዘጋዋለሁ።

አንድ እሑድ ቧንቧውን ስዘጋ «እታለም ወሬዋ ስለ ክርና ስለ ዚፕ ብቻ ነው፤ አንቺ ስትመጪ ነው ጆሮዬ የሚከፈት» ስትልሽ ሰማሁ። ተሳሳቃችሁ። ጥሪው ሲያልቅ ኮምፒውተሩ «አፕዴት በማድረግ ላይ ነው፣ አታጥፉ» አለ። አየሁት፣ አነበብኩት፣ ነቀልኩት። እማዬ ከመኝታ ቤቷ «ነቀልሽው?» አለች። «ነቀልኩት» አልኳት። «ጎበዝ!» አለችኝ። በሕጉ መሠረት ነዋ! በሚቀጥለው እሑድም ነቀልኩ። በሦስተኛውም።

ከሦስተኛው በኋላ ሲከፈት «ለውጦቹን በመመለስ ላይ» እያለ ይሽከረከር ጀመር። ይነሳል፣ ይጠፋል፣ ይነሳል። እንደምንም ሲከፈት ደግሞ የመደወያው ፕሮግራም «መጀመሪያ አፕዴት አድርጊ» ይላል፤ አፕዴቱን ስነካው «አልተቻለም» ይላል። በስልኬ ላሳያት ሞከርኩ። «ጭጋግ ነው፤ ድምፅዋንማ ሰማሁ፣ ፊቷስ?» አለችና ስልኩን መለሰችልኝ። የዓይን ሐኪሙ ያላትን ብርሃን እንጠብቅላት እንጂ የሄደውን አንመልስም እንዳለ ታውቂያለሽ። በዚያ በትልቁ ስክሪን፣ አፍንጫዋን አስጠግታ ነው የምታይሽ። እኔ እየቀናሁ የቆረጥኩት ያንን ነው። ይኼ ሲገባኝ፣ ሚጡ፣ የያዝኩትን ብርጭቆ ጣልኩት።

ሐሙስ ዕለት ኮምፒውተር ጠጋኙን ጠራሁት። ሰፈሩ «ፎርማት» ነው የሚለው፤ ሌላ መድኃኒት አያውቅም። ገብቶ ሳይቀመጥ፦

«ፎርማት ነው የሚያስፈልገው።»

«ፎቶዎቹስ?»

«ይጠፋሉ። ግን እንደ አዲስ ይሆንልሻል።»

«ወንድሜ፣ እኔ ጉልበቱ የተቀደደበትን ሰው ሱሪህን ጣል አልለውም።»

«እንግዲያው ራስሽ ስፊዋ!» ብሎኝ ወጣ።

ራሴ ልስፋዋ አልኩ። የተውሽልን ደብተር ትዝ አለኝ። መሳቢያ ውስጥ፣ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ሥር፣ ዓመት ተኩል የደበቅኩት። ለምን እንደደበቅኩት ታውቂያለሽ? የመጀመሪያው ገጽ ላይ «እታለም፣ ይህን ለጋሼ ስጪው፣ እሱ ይገባዋል» ብለሽ ጽፈሻል። ለጋሼ! የቴሌቪዥን ሪሞት ገልብጦ ይዞ «ባትሪው አልቋል» ለሚለው ሰው! ያኔ ያንን አንብቤ ደብተሩን ዘጋሁት፣ አልሰጠሁትም፣ እኔም አላነበብኩትም። ቅዳሜ ግን ከፈትኩት። አሥራ አንደኛው ገጽ ላይ «አፕዴቱ ከተበላሸ» ይላል።

ሠላሳ ሦስት በመቶ።

ጽሑፍሽ ግልጽ ነው፤ ይኼን አልክድሽም። መጀመሪያ ያንን ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት በአስተዳዳሪነት መክፈት። ከዚያ አፕዴቱን የሚሠሩትን አገልግሎቶች ማስቆም። ቀጥሎ የወረዱት ነገሮች የሚጠራቀሙበትን ፎልደር፣ ሳያጠፉ፣ ስሙን ብቻ መቀየር፤ ኮምፒውተሩ ሲያጣው ራሱ አዲስ ይሠራል። በመጨረሻ የተበላሹ ፋይሎቹን ራሱ ፈልጎ እንዲጠግን ማዘዝ፤ አሁን በመቶ እየቆጠረ ያለው ይኼንን ነው። የፎልደሩ ነገር ደስ አለኝ። እኔም የተበላሸ ቅድ አልጥልም፤ አጥፌ አስቀምጬ በአዲስ ጨርቅ እንደገና እቆርጣለሁ።

ችግሩ የመጀመሪያው ትእዛዝ ላይ ነው የጀመረው። ከደብተርሽ ፊደል በፊደል እየለቀምኩ እጽፋለሁ፣ ጥቁሩ መስኮት «አላውቀውም» ይለኛል። ደገምኩት። አላውቀውም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ስንጣላ ዋልን። ዛሬ ጠዋት እማዬ ሹራቧን ለብሳ መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች።

«አሁንም አልሰማሽም?» አለችኝ።

«ደንቆሮ ነው፣ እማዬ። ፊደሎቹን አንድም አልሳትኩም።»

«እስቲ ደግመሽ ጻፊው።»

ጻፍኩት። ዓይኗን ጨፍና ሰማችኝ።

«ያቺን አልመታሻትም» አለች።

«የቷን?»

«ትልቋን። ሚጡ በዚህ ጥቁር ነገር ላይ ስትጽፍ ጠቅ ጠቅ ጠቅ፣ ከዚያ ዷ፣ ከዚያ ጠቅ ጠቅ ነበር። አንቺ ዷ የለሽም።»

ክፍት ቦታ የምትተወዋን ቁልፍ ማለቷ ነው! ያንቺ የእጅ ጽሑፍ ተጠጋግቶ፣ እኔ ሁለቱን ቃላት አንድ አድርጌ ገጥሜያቸዋለሁ። ስፌት ላይ ክፍተት ነውር ነዋ! ዷ አደረግሁበት፤ አገልግሎቱ ቆመ አለኝ። ጮኼ እማዬን ሳምኳት። ፎልደሩንም ስሙን ቀየርኩት። አንቺ «አሮጌ በይው» ብለሽ ነበር፤ እኔ ግን ተናድጄብሽ ስለነበር «ሚጡ» አልኩት። የተበላሸው ሁሉ ያለበት ፎልደር ሚጡ ይባላል። ይቅርታ። ግን በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ከዚያ ነው እማዬ፣ እዚያው ዓይኗን እንደጨፈነች፣ ቀስ ብላ የተናገረችው።

«ማራገቢያውንም እሰማለሁ እኮ።»

«የምን ማራገቢያ?»

«የሳጥኑን። በደህና ሲጠፋ መጀመሪያ እሱ ዝም ይላል፣ ከዚያ ሶኬቱ ይነቀላል። ሦስት እሑድ ግን እየጮኸ ነው የተነቀለው።»

ወደ እሷ ዞርኩ። «ጎበዝ ያልሽኝ...»

«እያወቅኩ ነው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«ብናገርሽ ታለቅሺና ምሳ ይቀራል» አለችኝ። ሳቅኩም አለቀስኩም። እሷ ግን አልጨረሰችም። «ደግሞ እሷ ብቅ ስትል አንቺ ትሄጃለሽ። ቧንቧ ትከፍቻለሽ። ዓይኔ ጨርሶ ሳይጠፋ አንድ ቀን እንኳ ሁለታችሁን ባንድ ላይ ልያችሁ ብዬ ነበር፤ አንዷ እዚያ ውስጥ፣ አንዷ ኩሽና ሆናችሁብኝ። እሷን ስለ ወሬዋ የማሞግሳት፣ አንቺ ሰምተሽ ትመጫለሽ ብዬ ነው። አንቺ መምጣቱን ትተሽ ሶኬት ነቀልሽ።»

ሚጡ፣ ይኼ ከገባኝ በኋላም ቅናቴ አልጠፋም፤ አልዋሽሽም። ያቺን ትልቋን ቁልፍ አንቺ ስትመቻት በድምፅ መለየቷ ራሱ ያስቀናኛል። የእኔን ማሽን ድምፅ እንዲህ ታውቀው ይሆን? ጠየቅኳት። «ዚፕ ስትሰፊ ፍጥነት ትቀንሻለሽ፤ ስትናደጂ ክሩ ይበጠስብሻል። ባለፈው ወር ስንቴ ተበጠሰ?» አለችኝ። ብዙ ጊዜ ተበጥሶ ነበር።

ይኸው መቶ! የተበላሹትን አግኝቶ ጠግኗቸዋል ይላል። አገልግሎቶቹን መልሼ አስነሥቼያቸዋለሁ። አሁን እንደገና እንዲነሣና አፕዴቱን እንዲወስድ አዝዤዋለሁ። ስምንት ሰዓት ተኩል። ሰማያዊው ቀሚስ ተጠይቋል፤ አልብሻት መጣሁ።

ሠላሳ በመቶ። «አታጥፉ» ይላል። ያ ጽሑፍ ራሱ ነው። ስንነቅል የከረምን ሰዎች ዛሬ ዘበኛ ሆነን ቁጭ ብለናል።

ጉድ ሳይሰማ! አሁን ምን እንደሆነ ልንገርሽ። ስልሳ አራት በመቶ ላይ ባለቤቴ ከእንቅልፉ ተነሥቶ መጣ፤ እኔ ለእማዬ ማበጠሪያ ፍለጋ ገብቼ ነበር። ሳሎን ውስጥ ስክሪኑ በርቶ ሲያይ፣ እኔን ሲያጣ፣ ያስተማርነው ትምህርት ትዝ ብሎት ወደ ግድግዳው ጎንበስ አለ። እማዬ ከሶፋው ላይ ሆና፣ ያንን ኃይለኛ ድምፅ ከየት እንዳመጣችው እንጃ፣ «ጋሼ! እጅህን!» አለች። እኔም ማበጠሪያ ይዤ ሮጥኩ።

«ምን አጠፋሁ? ሕግ አይደል?» አለ፣ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ እንደተማረከ ወታደር።

«ሕጉ ተሻሽሏል» አለችው እማዬ። «ማራገቢያው ዝም ሳይል ማንም አይነቅልም።»

አሁን በራሱ ፈቃድ ሶኬቱ ፊት ወንበር ስቦ ጀርባውን ሰጥቶት ተቀምጧል። እንዳይነካው ራሱን ነው የሚጠብቀው።

ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ አምስት። ሚጡ፣ ተከፈተ! የመደወያው ፕሮግራም ምንም ሳይጠይቅ ተከፈተ። «ሁሉም ነገር ወቅታዊ ነው» የሚል አረንጓዴ ምልክት አወጣ። ፎርማትን ጠርቼ ባሳየው ደስ ባለኝ። «ሚጡ» ያልኩትን ፎልደር ሁሉም ከተስተካከለ ማጥፋት ይቻላል ብለሻል። አላጠፋሁትም። ሌላ ጊዜ ካስቀናሽኝ ስሙን እየጠራሁ የምሰድበው ነገር ይኑረኝ።

ሁለት ወንበር አስቀምጫለሁ። ይህን ደብዳቤ ነገ ፖስታ ቤት እወስደዋለሁ፤ ሲደርስሽ ዛሬ ለምን ዓይኔ ቀልቶ እንዳየሽኝ ይገባሻል። ቃል የምገባልሽ ሁለት ነገር ነው። ከእንግዲህ ማራገቢያው ዝም ብሎ እማዬ «አሁን» ካላለች ሶኬት አልነቅልም። ኩሽናም አልገባም። በምላሹ አንቺ «ደህና ነሽ?» ካልሽኝ በኋላ መልሴን ጠብቂ፤ ስለ ዚፕ ቢሆንም እንኳ ጠብቂ። ማውሱን ደግሞ የምይዘው እኔ ነኝ፤ ይኼ ለድርድር አይቀርብም።

እማዬ ሽቶውን ከጠረጴዛው ላይ በዳበሳ አንሥታ ለራሷ የምትረጭ መስሎኝ ነበር። አንገቴን ፈልጋ እኔ ላይ ረጨችው።

«እማዬ፣ በስክሪን አይሸታትም እኮ!»

«ዝም በይ። ለእኔ ይሸተኛል።»

ደወልሽ።

ከጎኗ የተቀመጠችው፣
እታለም