የጋሽ ሙዘሚል እጅ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6 ቀን 2018

ምን ይሻለኛል? ሲኒማ ራስ አካባቢ ሰው መጀመሪያ የሚያየው በጨዋታ ቤቴ በር ላይ የሰቀልኩትን፣ ተጫዋቹ የሚያየውን የሚያሳይ ቴሌቪዥን ነው። እሱ እንዲያምር ብዬ ጠዋት የቪአር ጨዋታውን፣ ያን ዓይን በሚሸፍን መነጽር የሚጫወቱትን፣ የምስል ጥራት እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግኩት። ኮምፒውተሩ አልቻለም። በሰከንድ ዘጠና ምስል ያሳይ የነበረው መነጽር ሠላሳም አልሞላ አለ። ከውጭ ለሚያየው ያምራል፤ መነጽሩን ላጠለቀው ግን ምስሉ ከእጁ ኋላ ይጎተታል።

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ጋሽ ሙዘሚል ምሳ ሰዓት ላይ እንደ ወትሯቸው የጨዋታውን ፊኛ በእጃቸው እየመቱ ሊያፈነዱ ገቡ። አንድም ፊኛ የማይስቱት ሰውዬ ዛሬ አየር ሲደበድቡ ቆዩ። በር ላይ የቆመው ሁሉ ሳቀባቸው። መነጽሩን አውልቀው ጣቶቻቸውን ትክ ብለው አዩ።

«ጋሼ፣ ማሽኑ ነው እኮ!» አልኳቸው።

«አታጽናናኝ ልጄ። ሰሞኑን መርፌ ውስጥ ክር ማስገባትም አቅቶኛል።»

በቅዳሜ ገበያ ሱቃቸውን ዘግተው ሄዱ። ስደውልላቸው አያነሱም።

ጥራቱን መልሼ ዝቅ አደረግኩትና ራሴ ሞከርኩት፤ አንድም አልሳትኩም። አሁን ቴሌቪዥኑን ቆሞ የሚያይ የለም፣ ምስሉ አስቀያሚ ነው። ይሁን። ሰኞ ጋሼን እግራቸው ላይ ወድቄም ቢሆን አንዴ ይሞክሩት ብዬ እለምናቸዋለሁ።

ግን ያኔም ቢስቱስ?