ስሜ የተጻፈበት ድንኳን

ቂርቆስ፣ አዲስ አበባ
ጥር 25 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለምወድሽ እህቴ መድኃኒት፣

እንዴት ነሽልኝ? ሐዋሳ ተስማማሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ እንዲያውም እንደዚህ ሳምንት ደህና ሆኜ አላውቅም። የአደይ ለተብርሃንን ማረፍ ሰምተሻል። የሃብተአብ እናት ቢሆኑም ለእኔም እናት ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማር። የቀረውን እኔ ልንገርሽ።

ሃብተአብ ትዳራችንን አፍርሶ ጥሎኝ ሲወጣ ካዛንቺስ የራሱን ድንኳን ኪራይ ከፍቶ ደንበኞቼን እንደወሰደ ታውቂያለሽ። አምና ደግሞ ድንኳኖቹን የሚያከራይና የሚቆጣጠር የኮምፒውተር ፕሮግራም ደምበል አካባቢ ካለ አንድ ድርጅት አዘዘ። "አንቺ በጭንቅላትሽ ያዢው" ብሎ በሰው ፊት ሳቀብኝ። በቃ፣ እኔም አሠራለሁ አልኩ።

ሰርቪስ ቤቱን የተከራየኝ ኤልዳድ ፕሮግራም ይሠራል። ሁለት መንገድ አለ አለኝ። ወይ የምፈልገውን ሁሉ አንዴ ነግሬው ጨርሶ ያመጣል፣ ወይ ትንሽ ትንሽ እየሠራ ያሳየኝና እየሞከርኩ አሳርመዋለሁ። ሃብተአብ የቱን መረጠ ብዬ ጠየቅኩት፤ ኤልዳድ እዚያ ድርጅት ውስጥ ጓደኛ አለው። ሃብተአብማ ሁሉን አንዴ አስጽፎ ፈርሞ፣ እስኪያልቅ ዞር ብሎም አላየው። እንግዲያው ትንሽ ትንሹን አድርገው አልኩት። ማለቴ፣ እውቀት እንዳይመስልሽ፣ እልህ ነው።

በሁለተኛው ሙከራ ፕሮግራሙ ያሉኝን ድንኳኖች በሙሉ ለሠርግ አከራያቸው። ጮህኩ። በእኛ ሥራ አንድ ድንኳን ለለቅሶ ሳይከራይ ይቀመጣል፤ ለቅሶ ቀጠሮ የለውማ። ኤልዳድ እዚያው አስተካከለው። ጓደኛውን ቢጠይቀው ሃብተአብ ይህን አላስጻፈም። በልማድ የምናደርገው ነገር ነውና መነገር ያለበት አልመሰለውም።

"ለጋሼ ሃብተአብ እንንገራቸው እንዴ፣ እትዬ ብርኽቲ?" አለኝ።

"አፍህን ያዝ" አልኩት።

የጥር ሠርግ መጣ። ባለፈው ቅዳሜ አደይ ካዛንቺስ ልጃቸው ቤት አረፉ። የሃብተአብን ድንኳኖች ፕሮግራሙ አንድ ሳያስቀር ለሠርግ ሰጥቷቸዋል። እሱ ደግሞ ድንኳን እንዳይሰጡት የቂርቆስን እድር ለቋል፣ የአዲሱን ሰፈር እድር ገና አልገባም። ማን ደጄ ላይ ቆመ መሰለሽ? ራሱ፣ ፊቱ ዐመድ መስሎ።

"ያቺን የለቅሶዋን ስጪኝ" አለ።

ሰጠሁት፤ ስሜ በትልቁ የተጻፈባትን። ሠራተኞቼ ሊተክሏት ሲሉ ጠጋ አለና፣ "ጽሑፉን ወደ ውስጥ አድርጊው፣ ስለ አደይ" አለኝ።

"ስለ አደይ ብዬ ነው ወደ ውጭ ያደረግኩት" አልኩት።

ካዛንቺስ በሙሉ "ብርኽቲ ድንኳን ኪራይ" የሚለውን እያነበበ ነው እግዜር ያጥናህ ሊለው የገባው። እኔ ከፊት ተቀምጬ አለቀስኩ፣ የእውነቴን አለቀስኩ።

ሳልስቱ አለፈ፤ ድንኳኑ ግን አልተነሳም። ትናንት ኤልዳድ መመለሻ ቀኑ ላይ ምን ልጻፍ አለኝ። ባዶ ተወው አልኩት። ሃብተአብ ሲወጣ ስሜን ያንብብ፣ ሲገባም ያንብብ። እኔም ማታ ማታ ብቅ እላለሁ። እራት እዚያው ነው የምንበላው፣ እሱ በዚያ ጥግ እኔ በዚህ ጥግ። ድንኳኑን ልጠብቅ ነው እንጂ ለሌላ እንዳይመስልሽ።

ከደጅሽ ድንኳን ለሠርግ ብቻ ይተከል። ልጆቹን ሳሚልኝ።

እህትሽ ብርኽቲ