በከበሮ ምት ያለፈው የአባዬ ቃል

ሄወን ጓደኛዬ፣

ሩዝ አለልሽ። የኮመጠጠውን ጎመን፣ የኪምቺውን ክዳን ግጠሚው፣ ቤቱ ሸተተ።
እማዬን ቡሳን ቤቷ ላደርሳት ነው፤ አትጠብቂኝ።

አባዬ ሊሞት ሲል ለእሷ «ንገሪያት» ያለኝን በአፌ አልነገርኳትም። ኢንተርኔት ላይ የለቀቅነው፣ ጽሑፉን አንድ አንድ ቃል እያሳየ የሚያልፈው ሥራችን ውስጥ ከተትኩት። ትናንት ከፈትኩላት። እሷ በጣቷ እየተከተለች ነው የምታነበው፤ ጣቷ ሳይደርስ ቃሉ በከበሮሽ ምት ከስክሪኑ እልም ይላል።

ማቆሚያ ቁልፍ አይኑረው ያልኩት እኔ ነኝ። «ለእናትሽ ስንል ምቱን ዝግ እናድርገው» ስትዪ የጮህኩብሽም እኔው።
አንቺስ ምነው ቶሎ እሺ አልሽ?

ሦስቴ ደገምኩላት። በመጨረሻ ጣቷን ሰብስባ፣ «ለእኔ ምንም አላለም ማለት ነው» አለች።
ያኔ በአፌ ነገርኳት።
«ተይ ልጄ፣ ልታጽናኚኝ ብለሽ ነው» አለችኝ።

ቦራም